አባትነት በጽሑፍ፦ ጎንደር ላይ ከጋብቻ ውጭ ለሚወለዱ ልጆች

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ መብት አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ በሕግ በኩል መልስ ካገኘ ቆይቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 4 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በውርስ ረገድማ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 836 ከዚያ በጣም ቀድሞ ወራሹ በጋብቻ ተወለደ አልተወለደ በውርስ መብቱ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ጽፎታል። ታዲያ ዛሬም ጎንደር ውስጥ ልጆች ከአባታቸው ስም፣ ከቀለብና ከውርስ ተገፍተው የሚቀሩት ለምንድን ነው? የአብዛኞቹ ችግር ማስረጃ ነው። አባታቸው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም። ሰውየው ሲሞት ወይም ሲክድ መንደሩ የሚያውቀውን ወደ ችሎት ማምጣት ከባድ ይሆናል።

በመጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣ የአቤቱታ ናሙና ይገለብጥና የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ጠቅሶ ይቀርባል። ያ ሕግ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ጎንደር ላይ የሚገዛው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የክልሉ ሕግ በመሠረታዊ ሐሳቡ የፌዴራሉን መንገድ የተከተለ ቢሆንም አንቀጾቹ መጠቀስ ያለባቸው ከራሱ ከክልሉ አዋጅ ነው፤ እኔም ከዚህ በታች የፌዴራሉን አንቀጽ የማነሣው ሐሳቡን ለማሳየት ብቻ ነው። በተሳሳተ አንቀጽ ብቻ መዝገብ ላይዘጋ ይችላል፤ ግን ተከራካሪው ወገን ጠበቃ ይዞ ሲመጣ ለመጀመሪያ መቃወሚያ፣ ማለትም ዋናው ጉዳይ ሳይታይ ለሚነሣ ክርክር፣ በር ይከፍትለታል። ቀጠሮ ይራዘማል፣ የእናቲቱ የመመላለስ አቅም ያልቃል፣ ልጁ ቀለብ ሳያገኝ ይከርማል።

እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው፤ ሌላ ሥርዓት አይጠይቅም። አባትነት ግን እናቲቱ ባለትዳር ካልሆነች በሦስት መንገድ ይታወቃል። አንደኛው ሰውየውና ሴትየዋ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ ነው። በዚህ ጊዜ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባት ያ ሰው ነው ተብሎ በሕግ ይገመታል። ሁለተኛው አባትየው ራሱ "ልጄ ነው" ብሎ ሲቀበል፣ ሦስተኛው ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። ከሦስቱ ርካሹም አስተማማኙም ሁለተኛው ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይኸው ሁለተኛው መንገድ ሰውየው ፈቃደኛ በሆነበት ሰሞን ሳይሠራበት ማለፉ ነው።

ልጅን መቀበል ማለት ክርስትና ላይ ተገኝቶ መሳምና ስም ማውጣት አይደለም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አባት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ቢያነሣም፣ ጎረቤት ጠርቶ ድግስ ቢያበላም፣ ሕጉ የሚፈልገው የተጻፈ ነገር ነው። የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 132 የሚያስቀምጠው ሦስት መልክ ነው፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚሰጥ ቃል፣ ኑዛዜ፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል የተረጋገጠ ጽሑፍ። በቃል ብቻ የተነገረው በዚህ መንገድ ልጅን መቀበል ተብሎ አይያዝም። ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖር ሲቀር ልጁ በቤተሰቡና በአካባቢው ዘንድ የዚያ ሰው ልጅ ተብሎ መኖሩን በምስክር ለማስረዳት ያገለግላል። ድግሱን፣ ክርስትናውን፣ እድሩ ላይ ስሙ በቤተሰብ ዝርዝር መግባቱን የሚያውቁ ምስክሮች የሚጠቅሙት እዚያ ላይ ነው።

ሰውየው ሌላ ሚስት ቢኖረውስ? ልጁን ለመቀበል የሚስቱን ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እናቲቱን ማግባትም አይጠበቅበትም። ፍርሃቱ የቤት ጠብ ከሆነ ቢያንስ በኑዛዜ ሊቀበል ይችላል። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ። በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ ቀን ያለበትና በየገጹ የተፈረመ መሆን አለበት። በግልጽ የሚደረገው ደግሞ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ኑዛዜ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥቃቅን ነገር ነው፦ ልጁ ኮምፒውተር ላይ ጽፎለት አባት በእጄ የጻፍሁት ነው ብሎ ይፈርማል፣ ወይም ሁለተኛው ገጽ ላይ ፊርማ ይረሳል።

የእናቲቱ ድርሻም አለ። አባት ነኝ ያለ ሰው ቃሉ የሚጸናው እናቲቱ እውነት ነው ስትል ነው። ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ከሆነ ልጁ ራሱ መቀበል አለበት። ይህ ጥሩ ሕግ ነው። ልጁ ተቸግሮ ሲያድግ ዞር ብሎ ያላየ ሰው፣ ልጁ ሥራ ሲይዝና ቤት ሲሠራ "አባትህ ነኝ" ብሎ ጧሪ ፍለጋ ሲመጣ በር የሚዘጋበት ሕግ ነው።

አሁን ወደ ቀበሌው እንሂድ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ልጁ በጤና ተቋም ከተወለደ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይሰጣል፤ ያንን ሳይዙ ከሆስፒታል መውጣት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ኋላ ካርድ ክፍል ማስፈለግ ቀን ይፈጃል። ቤት ውስጥ ከተወለደ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳውቃለች። ማሳወቂያውንና የወላጆችን መታወቂያ ይዞ ወላጆቹ ወደሚኖሩበት ቀበሌ ይኬዳል። ሁለቱም ወላጆች አብረው ቀርበው ቢፈርሙ ነው የሚመረጠው። በዚያች ቀን አባትየው በመዝገብ ሹሙ ፊት "ልጄ ነው" ብሎ ከፈረመ፣ የአሥር ዓመት ክርክር በአንድ ጠዋት አለቀ ማለት ነው።

አንዳንድ ጸሐፊ "የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጡ" ይላል። ልደት ለማስመዝገብ ወላጆች መጋባት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። እንዲህ ሲባል እናቶች አፍረው ይመለሳሉ፤ መመለስ የለባቸውም። የማይሆንበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ ካልሆነም ወደ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ማመልከት ነው። ለቤት ሠራተኛ እናት ሌላ እንቅፋት አለ፦ መታወቂያዋ የደንቢያ ወይም የበለሳ ሆኖ የምትኖረው አዘዞ ወይም ማራኪ ከሆነ የመኖሪያ ቦታዋ ያከራክራል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሳለች መሸኛዋን አስመጥታ የከተማ መታወቂያ ብታወጣ በኋላ ይቀልላታል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ የስሙ ነገር ነው። አባት የለም ወይም ፈቃደኛ አይደለም ሲባል ብዙ እናቶች የራሳቸውን አባት ስም ለልጁ ይሰጣሉ። ስሙ መጠሪያ ሆኖ እስከቀረ ድረስ ችግር የለውም፤ አባቱ በሕግ ያልታወቀ ልጅ በእናቱ ወገን ስም ሊጠራ ይችላል። ችግሩ ቅጹ ላይ "የአባት ሙሉ ስም" በሚለው ቦታ ያው አያት ሲሞላ ነው። በመዝገቡ መሠረት ልጁ የእናቱ ወንድም ሆነ ማለት ነው። አያት ሲሞቱ አክስትና አጎት "ይህማ ሌላ ወራሽ ነው" ብለው ይጣላሉ። እውነተኛው አባት ደግሞ ቆይቶ ሊቀበለው ቢመጣ መዝገቡ ላይ ሌላ አባት ተቀምጧል። ያንን ለማረም ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ይሆናል። አባት ካልታወቀ ቦታው ባዶ ይሁን። ባዶ ቦታ ነገ ይሞላል፤ በስህተት የተሞላን መፋቅ ግን ከባድ ነው። እናቲቱ ብቻዋን ቀርባ ያስሞላችው፣ ሰውየው ያልፈረመበት የአባት ስምም ክርክር ሲነሣ ደካማ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

የልደት ቀኑንም ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ሆስፒታሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈውን ቀበሌ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመልስ ሁለትና ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ወር ይሳሳታል። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ግን ቀኑ ራሱ ማስረጃ ነው። ሕጉ የእርግዝናን ጊዜ ይቆጥራል፤ በተለይ እናቲቱ ከዚህ ቀደም አግብታ ከነበረ።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ሴትዮዋ ገጠር አግብታ፣ ከባሏ ተጣልታ፣ ፍቺ ሳትፈጽም ጎንደር ገብታ ከሌላ ሰው ትወልዳለች። በአካባቢው ዓይን ትዳሩ ፈርሷል፤ በሕግ ግን ጸንቷል። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባት ባል ነው። ጋብቻው ፈርሶ እንኳ ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደው የቀድሞው ባል ልጅ ይባላል። የልጁ እውነተኛ አባት ከነሙሉ ፈቃዱ ቀበሌ ቢመጣም ይህ ግምት በፍርድ ሳይፈርስ ልጁን ሊቀበል አይችልም። ባልየው ልጁን መካድ የሚችለውም ሕጉ በወሰነው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። "ተለያይተናል" ማለትና "ተፋተናል" ማለት የተለያዩ ናቸው። ከባል የወጣች ሴት ሌላ ነገር ከማሰቧ በፊት ፍቺዋን በፍርድ ቤት አስወስና ውሳኔውን በእጇ ብትይዝ የምትጠቅመው ገና ያልወለደችውን ልጅ ነው።

አባትየው ከካደ የቀረው ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 143 አባትነት በፍርድ የሚታወቅባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እነዚህም እናቲቱ በተፀነሰበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ፣ ሰውየው በሥልጣኑ ተጠቅሞ ወይም አገባሻለሁ ብሎ አታሏት ከሆነ፣ አባትነቱን በማያሻማ መንገድ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ጽፎ ከሆነ፣ በእርግዝናው ጊዜ ሳያቋርጡ አብረው ኖረው ከሆነ፣ ወይም እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግ ተካፍሎ ከሆነ ነው። ክሱን ልጁ፣ አካለ መጠን ካልደረሰ ደግሞ እናቱ ወይም ሞግዚቱ ያቀርባሉ። የሚሸነፉት ብዙውን ጊዜ "ከእሱ ነው የወለድሁት" ብለው ብቻ የሚመጡት ናቸው። ከአምስቱ ሁኔታዎች የትኛው እንደሆነ አቤቱታው ውስጥ ለይቶ መጻፍና ለዚያ ሁኔታ የሚሆን ማስረጃ መቁጠር ያስፈልጋል። አገባሻለሁ ብሎኝ ነበር የምትል እናት ሽማግሌ የላከውን፣ ቀለበት ያየውን፣ ዘመድ ያስተዋወቀበትን ቀን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጓታል። ልጁ እሱን እንደሚመስል የሚናገር ምስክር ግን አያሻግራትም።

የእርግዝና ክትትል ካርድ ብዙ ጊዜ የሚጣል ወረቀት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት እሱን ነው የምፈልገው። ካርዱ ላይ የመጨረሻው የወር አበባ ቀን ተጽፏል፤ ከዚያ ቀን 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ተቆጥሮ የመውለጃ ጊዜ ተሞልቷል። ፅንሱ የሚያዘው ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ሁለቱ አብረው የነበሩበትን ጊዜ ከዚህ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ለምሳሌ ሰውየው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር ብሎ የሚከራከር ከሆነ፣ የወረደበትና የተመለሰበት ወር ከካርዱ ጋር ይነጻጸራል። ሳሉግ (የወቅት እርሻ ሠራተኛ) ሆኖ የሠራበት እርሻ ተቆጣጣሪ ምስክርነት ለሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሳይጠሩት በፊት ምን እንደሚያውቅ ማወቅ ነው።

ገንዘብ የላከበት ሁሉ ይቀመጥ። የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ላይ ወላጅ ብሎ የፈረመበት ወረቀት፣ ልጁ ታሞ ሲተኛ አስታማሚ ተብሎ ስሙ የተጻፈበት ካርድ፣ ሁሉም እንደ አባት አሳድጓል ለሚለው ያገለግላሉ። የስልክ መልእክት ከሆነ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት አይበቃም፤ ስልኩንና ሲም ካርዱን ራሱን አትጣሉ፣ አትሽጡ። የዲኤንኤ ምርመራ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊደረግ ይችላል፤ ወጪና ጊዜ ግን ይጠይቃል። ሰውየው አልመረመርም ቢል ችሎቱ እምቢታውን ከሌላው ማስረጃ ጋር አብሮ ይመዝነዋል፤ ስለዚህ ዲኤንኤን ብቻ ተስፋ አድርጎ ባዶ እጅ መቅረብ አይገባም።

ሽምግልና የጎንደር ሰው መጀመሪያ የሚሄድበት በር ነው፤ አልነቅፈውም። ችግሩ "አንድ ጊዜ ይህን ያህል ብር ተቀብላለች፣ ከእንግዲህ አትጠይቅም" ተብሎ የሚጻፈው ወረቀት ነው። እናት በፊርማዋ የልጇን ልጅነት ልታስቀር አትችልም፤ ልጅነት የልጁ እንጂ የእሷ ሀብት አይደለም። ይልቁንም ሰውየው "ለልጄ ማሳደጊያ" ብሎ የፈረመበት የሽምግልና ወረቀት ኋላ ራሱ የጽሑፍ ማስረጃ ሆኖ ይመጣበታል። እናትየዋ ተናድዳ እንዳትቀድደው። ኮፒውን ለሽማግሌው ሰጥታ ዋናውን ትያዝ።

አባትነት ከታወቀ በኋላ ቀለቡ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በአባቱ አቅም ነው። ሁለቱን ጥያቄ፣ አባትነቱንም ቀለቡንም፣ በአንድ አቤቱታ አጠቃሎ ማቅረብ ጊዜ ይቆጥባል። ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን እንዲገልጽ ትእዛዝ መጠየቅ፣ ነጋዴ ወይም ቀን ሠራተኛ ከሆነ ገቢውን የሚያውቁ ምስክሮችን መቁጠር ነው። እናቶች በይሉኝታ ዓመት ሙሉ ዝም ይላሉ፤ ይህ ይጎዳል። በፌዴራሉ ሕግ ውዝፍ ቀለብ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በቀር ይቀራል። "ወር ሲደርስ እሰጣለሁ" እያለ የሚያመላልስን ሰው አራተኛ ወር መጠበቅ አይገባም።

ውርስ ላይ የሚነሣው ጠብ ግማሹ ከስሌት አለመግባባት የሚመጣ ይመስለኛል። አባት ከሚስቱ ጋር የሠራውን ቤት ትቶ ሞተ እንበል፤ በትዳሩ 2 ልጆች፣ ከትዳር ውጭ 1 ልጅ አለው። ቤቱ የጋራ ከሆነ ግማሹ በሕይወት ያለችው ሚስት ነው፤ ያንን ማንም አይነካባትም። የሚወረሰው የሟቹ ግማሽ ነው። እሱ ለሦስት ልጆች እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ የቤቱ አንድ ስድስተኛ ይደርሰዋል። የውጭው ልጅ አያንስም፣ አይበልጥም። ሚስቲቱ ልጁ ቤቷን ሊነጥቃት የመጣ መስሏት ከመዝገብ እንዲቀር የምትጥረው ብዙ ጊዜ ይህን የነገራት ስለሌለ ነው። በኑዛዜ ነቅዬዋለሁ፣ ማለትም ከውርስ አስወጥቼዋለሁ ቢባል እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 938 ተናዛዡ ልጁን የሚነቅልበትን ምክንያት በግልጽ እንዲጽፍና ምክንያቱ በቂ እንዲሆን ይጠይቃል። ከትዳር ውጭ መወለድ የልጁ ጥፋት አይደለም፣ በቂ ምክንያትም ሊሆን አይችልም።

ሌሎቹ ወራሾች ልጁን ሳይቆጥሩ የወራሽነት ማረጋገጫ ካወጡ፣ በዚያ መዝገብ ተከራካሪ ያልነበረ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358 መሠረት መቃወሚያ ያቀርባል፤ የማቅረቢያው ጊዜ ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት ነው። ንብረቱ ከተያዘ በኋላ የሚቀርበው የውርስ ጥያቄ ደግሞ ልጁ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ዓመት ይታገዳል፤ አባት ከሞተ 15 ዓመት ካለፈ፣ የዘር ርስት (ከቤተሰብ የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት) ካልሆነ በቀር፣ ማወቅ አለማወቁ አይረዳውም። ሐዘን ላይ ተገኝቶ እርሙን ያወጣ ልጅ "አላወቅሁም ነበር" ሊል ስለማይችል ከተዝካሩ በፊት ጠበቃ ማማከር አለበት። ለገጠር መሬት የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ አለ፤ የሚጠየቀው ልጅነትን የማስረዳት ሸክም ግን ያው ነው።

ለሙስሊም ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከአባቱ ጋር ያለው ዝምድና በሸሪዓና በቤተሰብ ሕጉ የሚታየው በተለያየ መንገድ ስለሆነ እናቲቱ ፈቃዷን ከመስጠቷ በፊት ይህን ማወቅ አለባት። ካልፈቀደች መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል። መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳናዊ ለወለደች እናት ደግሞ፣ አባቱ ቢታወቅም ባይታወቅም ልጇ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንድ ወላጅ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ይበቃል።

ጠበቃ መግዛት የማትችል እናት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ልትጠይቅ ትችላለች። የዳኝነት ክፍያ ካስፈራት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችላለች፤ ለዚህም አቅም እንደሌላት የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ስትሄድ የልደት ማሳወቂያውን፣ የእርግዝና ክትትል ካርዱን፣ ቀድሞ አግብታ ከነበረ የፍቺ ውሳኔዋን፣ ሰውየው የፈረመበትን ማናቸውንም ወረቀት፣ ስልኳንና የሦስት ምስክሮችን ሙሉ ስምና አድራሻ ይዛ ትሂድ። ምስክሮቹን አስቀድማ ታነጋግራቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የአባትየው ወገን ቢሆን ይመረጣል።